ድንኳን የተጣለለት የትንፋሽ ትምህርት

ድንጋጤ የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲወለድ ተሰፍሮ የሚሰጠው፣ በኖረ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄድ፣ በስተርጅና ጭላጩ ብቻ የሚቀር ነገር። እኛ የመርሳ ሰዎች ደግሞ ድርሻችንን ቀደም ብለን ነው የጨረስነው። አንበጣው ሲመጣ ደነገጥን፤ ኮሮና ሲመጣ ደነገጥን፤ ጦርነቱ ሲመጣ የተረፈችውን ሁሉ አራግፈን ደነገጥን። ከዚያ ወዲህ የሽንኩርት ዋጋ ቢወድቅ፣ መብራት ሳምንት ሙሉ ቢጠፋ፣ የጎረቤት ልጅ ያለ ሽማግሌ ቢያገባ፣ «እህ» ብለን ሻያችንን እንጠጣለን። መርሳ ላይ የደነገጠ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው፤ ምናልባትም የባጃጅ ዋጋ ጠይቆ መልሱን ሰምቶ ይሆናል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጡረተኛ በእኛ ከተማ ሥራ የፈታ ሰው ማለት አይደለም፤ ቁልፍ የሚያስቀምጥ ሰው ማለት ነው። ወልድያ የሄደ ጎረቤት የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ይሰጣል፤ ባለሱቁ ለጁምዓ ሲሄድ የሱቁን ቁልፍ ለእኔ ይሰጣል፤ የቅሬያችን ዕቃ ቤት ቁልፍማ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእኛ ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ያለን ድንኳን አንድ፣ ጡሩንባውም አንድ ስለሆነ፣ ማንም ሞተ ማን አብረን እናለቅሳለን፣ አብረን እንቆፍራለን። ይህን የማወራው ለመመጻደቅ እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፏ ጉድ ስላመጣችብኝ ነው።

ጉዱ የጀመረው በጎረቤቴ በአያ ይመር ነው። ከወንዙ ዳር ብርቱካንና ፓፓያ አለው፣ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል፣ ትከሻው በር ይሞላል። የታወቀው ግን በብርቱካኑ ሳይሆን በመቃብር ቁፋሮው ነው። ጡሩንባ ሲነፋ ማንም ሳይደርስ ዶማውን ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነበር። ድንጋያማ መሬት ሲገጥም ጎረምሶቹ ወደ ኋላ ይላሉ፤ እሱ ሸሚዙን አውልቆ ይገባል። በዚህ ሰፈር በቅርብ ዓመታት ያረፈ ሰው ሁሉ አያ ይመር ባነጠፈለት ነው የተኛው ብል፣ ያጋነንኩት ትንሽ ነው።

ከዚያ ኮሮና ያዘው። ወልድያ ተወስዶ ኦክስጅን ተደርጎለት፣ አላህ ምሮት ተመለሰ። እኛም ተሰብስበን ዱዓ አደረግን፤ በግ ታረደ፤ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አልነው። ዳነ ተባለ። ዳነ ከተባለ ደግሞ ዳነ ነው፤ በእኛ አገር በግ የታረደለት ሰው ተመልሶ የመታመም መብት የለውም።

አያ ይመር ግን አልዳነም። ወይም አንድ ቀን ይድንና ቀጥሎ ያሉትን ቀናት ይታመማል። ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሳል፣ ገበያ ይወጣል፣ ይስቃል፣ ዋጋ ይከራከራል። በማግስቱ ደረቱ ይጠባል፣ ጆግ ማንሳት ያቅተዋል፣ የጀመረውን ወሬ መሀል ላይ ይረሳዋል። ይህ ሁሉ ዓመታት አልፈውትም አልለቀቀውም። እኛ ምኑን እናያለን? ገበያ የወጣ ለታ ያለውን። አልከሳ፣ አላሳለ፣ ፊቱ ወዙ አልጠፋ። ምርኩዝ ቢይዝ ኖሮ ምርኩዙን አይተን እናዝንለት ነበር።

ቀብር ሲቀር አየነው። አንድ ቀረ፤ ደገመ። የቅሬ ነገር ቀልድ የለውም፤ ቀብር የቀረ መጀመሪያ ይቀጣል፣ ቀጥሎ ይመከራል፣ በመጨረሻ ይሰናበታል። የተሰናበተ ሰው የሞተ ለታ ጡሩንባ አይነፋለትም፣ ዶማ አይነሳለትም። አያ ይመር ተቀጥቷል፣ ተመክሯል። የቀረችው የመጨረሻዋ ስብሰባ ብቻ ነበረች።

የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። ከአያ ይመር ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው የቆፈሩ ወዳጆች ናቸው፤ የባሰ የተናደዱትም ለዚህ ነው። አንድ ቀን እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ መንገድ ላይ ያዙት።

«ገበያ አይቼሃለሁ» አሉት። «ለሽንኩርት እግር ካለህ፣ ለሬሳ እንዴት እግር ታጣለህ?»

«እንዲያው ጋሼ... በማግስቱ እኮ...» አለና ትንፋሹ ቀድሞት አለቀ። ጋሽ ደምሴ ጥለውት ሄዱ። ቤቱ ሳደርሰው ሞቱን እንደማይፈራ ነገረኝ። የሚፈራው ሚስቱ ዘይነባ ሬሳውን አስተኝታ፣ ቀባሪ ፍለጋ በየሰው ደጅ ስትቆም ነው። አንጀቴን በላው።

በዚህ መሀል ነው ራሔል የምትባል ወጣት የአካል ተሐድሶ ባለሙያ፣ ኮሮና ካለፈ በኋላ ጤናቸው ያልተመለሰ ሰዎችን በየሰፈራቸው ልታግዝ ከወልድያ የመጣችው። ነጭ ጋዋን ስለለበሰች በአንድ ጊዜ «ዶክተር» አልናት፤ «ዶክተር አይደለሁም» ብትልም የሰማት የለም። «የተሐድሶ አገልግሎት» ስትል ግን ሕዝቡ አፈገፈገ። ክርስቲያኑ ሃይማኖት ልታድስ የመጣች መሰለው፤ የመንግሥት ሠራተኛው ግምገማ ሊጀመር ነው ብሎ ስልኩን አጠፋ። «ኧረ እኔ ስለ ትንፋሽ ነው የመጣሁት» ስትል ነው የተረጋጋነው።

እየጎተትኩ አያ ይመርን ወሰድኩት። ራሔል የሚሰማውን አንድ በአንድ ጠየቀችውና በሽታው ስም እንዳለው ነገረችው፤ ሎንግ ኮቪድ ይባላል አለች። (እኛ ወዲያው «የኮሮና ርዝራዥ» ብለን ስም አወጣንለት።) አያ ይመር ስሙን ሲሰማ አለቀሰ። ያ መቃብር ውስጥ ገብቶ የሚስቅ ሰው፣ በሰው ፊት፣ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ። ለካ እስከዚያች ቀን እሱ ራሱም ሰነፍ የሆነ ይመስለው ነበር። እኔ ደንግጬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስመለስ ሁለተኛው ድንጋጤ ጠበቀኝ። ልጅቱ እንደ እሱ የታመሙትን ሰዎች አስቀምጣ «ዋናው መድኃኒት፣ ሳይደክማችሁ ማረፍ ነው» ትላለች። ጉድ በሉ! በወረዳችን በሀብሩ ሳይደክመው የሚያርፍ ሰው ስም አለው፤ ስሙም እዚህ አይጻፍም። እኛ ደክሞን እንኳ ስናርፍ ሰው እንዳያየን ዞር ብለን ነው። ከግራና የመጣች እትዬ ስንዱ የምትባል ሴት፣ ለለቅሶ ቤት ውኃ መሸከም አቅቷት ከመንደሯ ሴቶች የተኳረፈች፣ «ልጄ፣ ይኼን በአደባባይ አትናገሪ፣ ትዳር ያሳጣሻል» አለቻት። አያ ይመር ግን ገባው። «የመስኖ ተራ ነው» አለ። «ውኃውን ሁሉ ዛሬ ለአንዱ መደብ ከለቀቅከው፣ ነገ ሌላው ይደርቃል።» ራሔል ይህን አባባል ወዳው ሌላ ቦታ እንደምታስተምርበት ነገረችው፤ እሱም ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ።

ትምህርቱ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። ጤና ጣቢያው የሰጠን ክፍል ጠባብ ናት፣ መስኮቷ አይከፈትም፣ የመርሳን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው እዚያ ማጎር ግፍ ነው። አያ ይመር «ግቢዬ ሰፊ ነው፣ እኔ ቤት ይሁን» አለ። ጥላ ጠፋ። ራሔል «ሸራ ነገር ይገኝ ይሆን?» ብላ አየችን። እኔ ኪሴ ውስጥ ቁልፏን ዳሰስኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሁለት ጎረምሶች ይዤ ሄጄ የቅሬውን ድንኳን አመጣሁና አያ ይመር ደጅ ላይ ጣልኩት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የሰርግ ድንኳን ከመጣሉ በፊት ወር ሙሉ ይወራል። ሳይወራ የተጣለ ድንኳን ግን ትርጉሙ አንድ ነው። ደግሞም ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ «ማነው የሞተው?» ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጣራል። ጡሩንባ ነፊያችን በዚያ ሲያልፍ ድንኳኑን አየ፤ የአያ ይመር ደጅ መሆኑን አየ፤ መታመሙንም ሲወራ ሰምቷል። የወዳጁ ሞት አስደነገጠው፤ የባሰ ያስደነገጠው ግን እሱ ሳይነፋ ድንኳን መተከሉ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሥራው ላይ ተዛንፎ አያውቅም። ሮጦ ቤቱ ገባ፣ ጡሩንባውን ይዞ ወጣ።

ድንኳኑ ውስጥ እኛ ዐይናችንን ጨፍነናል። ራሔል «ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዙ አድርጋችሁ ከንፈራችሁን ሰብስቡና ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ» ትላለች፤ እኛ እፍ እንላለን። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ያሳፍራልና እፍ እላለሁ። ጡሩንባው ተሰማ። «የማን ይሆን?» አለች ዘይነባ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር፤ «አሁን ድንኳኑ ሊፈለግ ነው» ብዬ ሰጋሁ።

ልቅሶው ቀረበ። ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም መጣ። ሙሾ በሃይማኖት እንደማይፈቀድ ሸሆቹ ደጋግመው ነግረውናል፤ ወሎ ግን ካለቀሰ ሳይገጥም አያለቅስም። አንዲት አልቃሽ የድንኳኑን አፍ ይዛ አወረደችው፦

ለሁሉ ቆፋሪ፣ የመርሳው ይመር፣
ማን ይቆፍርልህ፣ አንተ ስትቀበር።

ዐይኔን ገለጥኩ። አያ ይመር ከንፈሩን እንደሰበሰበ ቀርቷል። ትንፋሹ ወጥቶ አልተመለሰም። ዘይነባ ባሏን ትነካካዋለች፤ ስሙን ሰምታ አጠገቧ ያለውን ሰው መኖሩን ማመን አቃታት። ይህን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ እንባ ዐይናቸውን ጋርዶት፣ እየተደናበሩ ገቡ። «ወንድሜን!» አሉ ደረታቸውን እየደቁ። «ታሞ ሳለ ሰነፍ አልኩት! ከቅሬ ላስወጣው ነበር! እኔ ልቅደም ይመር፣ አንተን ከማስወጣ እኔ ልውጣ! ምነው አፌን በቆረጠው!»

ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት መሀል አንድ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ አለሁ» አለ።

 ከዚያ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። አልቃሿ ጮኻ በድንኳኑ በስተኋላ ሸራውን ገልጣ ወጣች። አንዱ ሽማግሌ «አዑዙ ቢላህ»፣ ሌላው «በስመ አብ» አሉ። ጋሽ ደምሴ ወደ ኋላ ሲሸሹ እትዬ ስንዱ እግር ላይ ተቀመጡ። እኔ የጨረስኩት የመሰለኝ ድንጋጤ ገና ያልተነካ ሆኖ አገኘሁት።

የምደነግጥበት ግን ገና እየመጣ ነበር። «እልል» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ የጋሽ ደምሴ ፊት ቀስ እያለ ጠቆረ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሳይደርቅ ተነሱና፣ «ካልሞትክ ታዲያ የሰሞኑን ቀብር ለምን ቀረህ?» አሉት። ሕዝቡም «እውነት ነው» አለ። አሁን «ምነው አፌን በቆረጠው» ያሉ ሰው! ለካ የሞተን ይቅር ማለት ቀላል ነው፤ ነገ ተነስቶ አያስቀይማችሁም። በሕይወት ያለውን ይቅር ማለት ነው ጣጣው።

ነገሩ በዚህ ሳያበቃ አንድ ጎረምሳ አፈር በአፈር ሆኖ መጣ። «ተቆፍሯል» አለ እያለከለከ። የሙስሊም ቀብር አይዘገይምና፣ ጡሩንባው እንደተሰማ ጎረምሶቹ በቀጥታ ወደ መቃብር ቦታው ነው የሮጡት። ማንም ሰው የሌለበት ጉድጓድ ተከፍቶ ደግሞ ፀሐይ አይጠልቅበትም፤ ሌላ ይጠራል ይባላል። ሁሉም አያ ይመርን አየው። እሱም ተነሳ።

«አይሆንም ጋሽ ይመር» አለች ራሔል፣ መንገዱ ላይ ቆማ። «ሌላ ሰው ይድፈነው። ነገን ያስቡ።»

«ነገን ተይው፣ ልጄ» አላት። «ዛሬ እያዩኝ ነው።»

አካፋውን አንስቶ ወጣ። ተከተልነው። የራሱን መቃብር በራሱ እጅ ሲደፍን ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ማየትም አልፈልግም። ድሮ እንደሚያደርገው ሸሚዙን አውልቆ፣ ጎረምሶቹን ዞር በሉ ብሎ፣ አፈሩን ይመልሰው ጀመር። ሕዝቡ «ማሻ አላህ፣ ይኼ እኮ ነው ይመር!» አለ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አጣምረው ቆመው «አያችሁልኝ? አልችልም የሚለን ሰው ይኼ ነው። በስብሰባው ቀን እንነጋገራለን» አሉ። እኔ አያ ይመርን እያየሁ ልቤ ፈራ፤ ሆን ብሎ አንድም ቀን ያላስቀየመውን ሕዝብ ለማስደሰት ነገውን እየቀበረ መሰለኝ።

ድንኳኑን ላነሳ ስሄድ አልተቻለም። ወሬው በስልክ ወልድያና ሐራ ደርሷል፤ ዘመድ በሚኒባስ ተሳፍሮ እያለቀሰ እየመጣ ነው። ጡሩንባ ተነፍቶ መመለሻ የለውም። መጪውን ተቀብሎ «አልሞተም፣ ግቡ» የሚል ሰው ስለሚያስፈልግ፣ በደንቡ መሠረት ዳኛው ራሳቸው ደጃፉ ላይ መቀመጥ ግድ ሆነባቸው።

በማግስቱ ለቀስተኛው ጎረፈ። አያ ይመር ግን አልወጣም። ሊያዩት የመጡ ሰዎች «እንግዲያውስ አለ የሚባለው ሰውዬ የት አለ?» ማለት ጀመሩ። ጋሽ ደምሴ ቆሽታቸው አረረ። «ለራሱ ለቅሶ እንኳ ይቀራል!» ብለው ሊቆጡት ወደ ቤት ሲገቡ እኔም ተከተልኳቸው።

መስኮቱ በነጠላ ተጋርዷል። አያ ይመር በጀርባው ተኝቷል። ዘይነባ ራሱን ደገፍ አድርጋ ውኃ በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ ግማሹ በአገጩ ይወርዳል። ትናንት አካፋ የያዙት እጆች ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ወድቀዋል። ጋሽ ደምሴን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ። አፉን ከፈተ። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚጠራውን ስም ሊጠራ ነው፤ ፈለገው፣ ፈለገው፣ አላገኘውም። ዐይኖቹ በእንባ ሞሉ።

«ትናንት እኮ...» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ትናንትማ ደህና ነበር፣ ጋሼ» አለች ዘይነባ፣ ማንኪያውን ሳታወርድ። «ይኼ የትናንቱ ዋጋ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የወጣ ለታ እናንተ ታዩታላችሁ፣ ማግስቱን እኔ አየዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ በማግስቱ መጥተው አይተውት ያውቃሉ?»

 ድንጋጤ ሰውን እንዴት እንደሚያሳንሰው ያየሁት ያኔ ነው፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ ጋቢያቸው ውስጥ ገብተው ጠፉ። ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው የአያ ይመርን እግር ያዙ። በማግስቱም መጡ፤ እንደዚያው ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛ አልመጣም፤ እሳቸው ግን መጡ።

ድንኳኑ የሚነሳበት ቀን የትምህርቱም ቀን ነበር። ራሔል መጣች፣ ሕመምተኞቹም መጡ፣ የቅሬው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አያ ይመር ደግፈውት ወጥቶ ትራስ ላይ ተጋደመ። ያች የፈራት ስብሰባ እንደሆነች ገብቶታል። ጋሽ ደምሴ ቆሙ።

«ደንባችንን አሰብነው» አሉ። «የሚቀብር አለ፣ የሚቀበር አለ። በመሀል ያለ ሰው ደንቡ አያውቅም። ደንቡን እንለውጥ ብንል ደግሞ እናንተን አውቃችኋለሁ፣ ዓመት ትጨቃጨቃላችሁ። ይመር ግን ጡሩንባ ተነፍቶለታል። ድንኳን ተጥሎለታል። ተለቅሶለታል፣ ያውም በእኔ። መቃብሩ ተቆፍሮ ተደፍኗል። ምን ቀረው? ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በቅሬያችን ዘንድ ይመር ሙቷል። የሞተ ሰው ደግሞ ቀብር ቀረህ ተብሎ አይከሰስም።»

«እውነተኛው ቀን የመጣ ለታስ?» አለ ጡሩንባ ነፊው፣ የሥራው ነገር ነውና።

«ያን ለታ ድጋሚ ይሞታል፤ ድጋሚ እንቀብረዋለን። እኔ ራሴ እቆፍራለሁ።»

ዘይነባ እልል አለች። ባሏ በሽማግሌ ፊት ሞተ ሲባል እልልታዋን ያቀለጠች ሴት አይቼ አላውቅም፤ ራሔል ማስታወሻ መያዣዋ ከእጇ ወደቀባት። አያ ይመር «አልሐምዱሊላህ» አለ። ቃሉን ሳይፈልግ ነው ያገኘው። እኛ ወሎዎች «የሞተ ተጎዳ» ስንል ኖረናል፤ እኔ ከዚያ ቀን በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሰው መበታተን ሲጀምር እትዬ ስንዱ ጋሽ ደምሴ ፊት ሄዳ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ አንገቷን ደፋች።

«አባቴ፣ የግራናን የቅሬ ዳኛ ያውቋቸዋል?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያስ በፈጠረዎት ይደውሉልኝና፣ እኔንም ሙታለች ይበሉልኝ።»

ከኋላዋ ሌሎቹም ሕመምተኞች ተራ ያዙ።